ቅጣቱን ከማብዛታችሁ በፊት የዕጣውን አወጣጥ አስተካክሉ

ወንድሜ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ እቁብ ዳኛ «የቸገረው ይቅደም» እያለ ተራውን ራሱ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ሰው መጣል እያዘገየ መሆኑን ጽፈሃል። ቅጣቱን ብንጨምርስ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ አይበጅም ባይ ነኝ።

ሰው ዕጣው መጨረሻ ላይ ቢደርሰውም ይታገሣል። ወረቀቶቹ ፊቱ ተጠቅልለው፣ ተደባልቀው፣ አንዱ እጁን ሰዶ ሲያወጣ ካየ «የኔ ቀን ገና ነው» ብሎ በሰላም ቤቱ ይገባል። ዳኛው ነገሩን በስልክ ጨርሶት ሲመጣ ግን፣ የወሰደው ሰው የእውነት የቸገረው ቢሆን እንኳ፣ ሌላው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ማለቱ አይቀርም። እንደተናቀ ይሰማዋላ! ከዚያ እግሩም እጁም ይከብደዋል።

ይህ የኛ ሰው ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶም ታይለር በ1984 እ.ኤ.አ. 1,575 የቺካጎ ነዋሪዎችን አነጋግሮ ነበር። ሰዎች ሕግ የሚያከብሩት ቅጣት ከመፍራት ይልቅ ባለሥልጣኑ በአግባቡ ይሠራል ብለው ሲያምኑ መሆኑን አገኘ። የሚሉትን መስማት፣ አለማዳላት፣ በአክብሮት መያዝ ትልቅ ቦታ ነበራቸው።

ስለዚህ ዕጣው ሁሉም ባለበት ይውጣ። የቸገረው ካለ እዚያው ይናገር፤ ዕጣ የወጣለት ፈቅዶ ቢለቅለት እሰየው። ጸሐፊው ማን መቼ እንደወሰደ ለሁሉም ያሳይ። ዋስ ላይም ለአንዱ ጠበቅ፣ ለሌላው ላላ አታድርጉ። ዳኛውን ግን በሰው ፊት አታሳጡት። በቅን ልብ አድርጎት ይሆናልና መጀመሪያ ለብቻው አናግረው።