አዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ምን ይብላ? ጥያቄና መልስ ከአባ ቁርጥ ጋር

አባ ቁርጥ፦ እንግዲህ ጠይቁ። ቁርጥ፣ ክትፎና ጥብስ ላይ እስኪበቃችሁ እመልሳለሁ፤ ፒዛና በርገር የምትሉ ሌላ ሰው ፈልጉ። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን ቀኑን እዩ፤ ጾም ነው ፍስክ? ደግሞ ሥጋ የሚበላ ሰው ሚዛኑ አጠገብ ይቆማል እንጂ ወንበር ስቦ ተቀምጦ አያዝም። አሮጌ ምክር ይዛችሁ «ዶሮ ማነቂያ ሂድ ተብያለሁ» የምትሉም ተዉት። የፒያሳው የሥጋ ቤቶች ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል።

ከሪያድ፦ ሰላም ጋሼ። ለአንድ ሳምንት ነው የምመጣው። ምርጡ ምግብ ቤት የቱ ነው?

አባ ቁርጥ፦ የምን ምርጥ? የጥሬ ሥጋ? የሽሮ? የቁርስ? ለይተህ ጠይቅ።

የአየር መንገድ ሰፈር፦ ቁርጥ በልቼ አላውቅም፤ ዘመዶቼ ግን ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። እንዴት ነው የሚታዘዘው?

አባ ቁርጥ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ቤቱን በስሙ ሳይሆን በተሰቀለው ሥጋ ምረጥ። ደህና ሥጋ ቤት ብልቱን ሳይበታትን ሰቅሎ ያሳይሃል፤ የቄራው ማኅተምም ሥጋው ላይ ይታያል። ተቆራርጦ የተከመረ ብቻ ካየህ ውጣ።

ከዚያ ብልት ጥራ። «ግማሽ ኪሎ ቁርጥ» ብለህ ዝም ካልክ ቆራጩ ቶሎ ማለቅ ያለበትን ነው የሚያነሳልህ። ለጀማሪ ሽንጥ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ጅማት የለበትም። ጮማ የሚወድ ሻኛ ያስጨምር። ለመጀመሪያ ቀን ሦስት እጅ ቀይ፣ አንድ እጅ ጮማ ይበቃል፤ ጮማ ያላስለመደው ሆድ ማታ ይጣላል። ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ በቂ ነው። ዘመዶችህ «ለሁለታችሁ ኪሎ» ካሉ ግማሹን ጥብስ አድርጉት።

ሞራውና ጅማቱ ከሚዛን በፊት ይውጣ በል። ብዙ እንግዳ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ከተመዘነ በኋላ የሚወጣውም በሥጋ ዋጋ የተከፈለበት ነው። ለዚህ ነው ሚዛኑ አጠገብ ቁሙ የምለው።

ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ከክሩ አቋርጠህ ቁረጥ። በክሩ ርዝመት ከሄድክ ስታኝክ ትውላለህ። ቁራሹ ከአውራ ጣትህ ጫፍ አይብለጥ። በእንጀራ ጠቅልለህ አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ አስነካው፤ ሰናፍጭ ካለ በጥቂቱ ጀምር፣ አፍንጫ ላይ ነው የሚወጣው።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ረፋድ ላይ ሂድ። ከሰዓት በኋላ ተሰቅሎ የዋለው ፊቱ ይደርቃል፣ ይጠቁራል፤ ቆራጩ ፊቱን ልጦ ከሰጠህ ደህና፣ ካልላጠ አትቀበል። ዓርብን በጾም ያሳለፈ ሰው ሁሉ የሚወጣው ቅዳሜ ነው፤ ሥጋው ቶሎ ስለሚያልቅ ያደረ የመብላት ዕድልህ ያንሳል።

ሀኪም ቤት፦ እንዲህ እየመከሩ ስለ ኮሶ ትል ዝም ማለት ደግ አይደለም።

አባ ቁርጥ፦ ዝም አላልኩም፣ ተራው አልደረሰም ነበር። ይኸው፦ ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያስይዛል። ሚጥሚጣ አይገድለውም፣ አረቄ አይገድለውም፣ ሎሚም አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው። የአሜሪካ ጤና ባለሥልጣናት ለሙሉ ሥጋ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለተፈጨ 71 ይላሉ፤ ለብ ለብ የተባለ ክትፎ ወደዚያ አይጠጋም። ትሉ አንጀት ውስጥ አድጎ እስኪታወቅ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ፣ ወደ መጣችሁበት ከተመለሳችሁ በኋላ ነው የምታዩት። ያኔ ለሐኪሙ ጥሬ ሥጋ መብላታችሁን ንገሩት፤ ፕራዚኳንቴል ያዝዛል። የኮሶ አበባ በግምት መጠጣት የለም፤ ሲበዛ መርዝ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ጥሬ ሥጋ አይቅረብላቸው፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ትዝታ ከሚኒያፖሊስ፦ እሺ ጋሼ፣ የትኛው ምግብ ቤት ነው አሪፍ?

አባ ቁርጥ፦ ከላይ አንብቢ እስቲ።

ቆጮ በቅቤ፦ ክትፎ ላይስ? ቤት ውስጥ ስንሠራው ለምን እንደ ክትፎ ቤቱ አይሆንም?

አባ ቁርጥ፦ ማሽኑ ነው የሚያበላሸው። የሥጋ መፍጫ ጅማቱን ከሥጋው ጋር ይደፈጥጠዋል፣ ሥጋውንም ያሞቀዋል፤ የሚወጣው ሊጥ ነው። ክትፎ ቤት ጅማቱና ስሱ ሽፋን አንድ በአንድ ተለቅሞ ይወጣል፣ ከዚያ እንጨት ላይ በከባድ ቢላ ይከተፋል። ሥጋው ቀዝቃዛ ይሁን፣ ቢላው ይሳል፤ የደነዘ ቢላ ይጨምቀዋል፣ ውኃውም ይወጣል።

ለአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ከ150 እስከ 200 ግራም ንጥር ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ሚጥሚጣው ጨው እንዳለበት ቀምሳችሁ። ቅቤው ኮሰረት ከሌለው የጉራጌ ክትፎ አትበሉት። ቅቤው ይቅለጥ እንጂ አይንጣጣ። ትኩስ ቅቤ ካፈሰስክበት ሥጋው ዳር ዳሩን ይገረጣል፤ ጥሬም አይሆን ለብ ለብም አይሆን። ጣባውን ደግሞ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ቅቤው በደቂቃ ይረጋና ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ምግብ ቤት ገብታችሁ ክትፎው በቀዝቃዛ የሸክላ ሳህን ከመጣ፣ አስመልሱና «ጣባውን አሙቁልኝ» በሉ። ቅር አይላቸውም።

ቤት ጥራ ካላችሁኝ ገርጂ ያለው ቶቶት አለ፤ ዮሐንስ ክትፎም የታወቀ ነው። ቆጮው ስስ ሆኖ ምጣድ ላይ ሞቅ ብሎ ይምጣ። አይቡና ጎመኑ ጎን ለጎን እንጂ ከላይ ተደፍቶ አይሁን።

የጎጃም በረንዳ፦ በእንጀራ ይሻላል። ቆጮ ይጎመዝዛል።

ቆጮ በቅቤ፦ ወንድሜ፣ የቆጮው መጎምዘዝ እኮ ቅቤውን ለመቁረጥ ነው። በእንጀራ ከበላኸው ምንቸት አብሽ ብላ።

የጎጃም በረንዳ፦ ምንቸት አብሽን እንዲህ አትናቅ!

አባ ቁርጥ፦ በሁለቱም ይበላል። ቀጥሉ።

ከቴል አቪቭ፦ እኛ በዐቢይ ጾም ነው የምንመጣው። ሥጋ አይገኝም ማለት ነው?

አባ ቁርጥ፦ ቀኑን እዩ ያልኩት ለዚህ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የክርስቲያን ሥጋ ቤት አብዛኛው ይዘጋል። መስቀል የተሳለበት የክርስቲያን፣ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት የሙስሊም ነው፤ ሁለተኛው ረቡዕና ዓርብም ይሠራል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሌለ ለእንግዳ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

በጾም ከመጣችሁ ደግሞ በጾም ብሉ፤ ከተማው ያኔ ነው ሽሮና በያይነቱ ላይ የሚተጋው። ጣይቱ ሆቴል የምሳ የጾም ቡፌው የታወቀ ነው። ሥጋና ቅቤ የማይበላ እንግዳ ካላችሁ ግን በፍስክ ቀን «ሽሮ» ብቻ ብሎ አይዘዝ። ቅቤ ሊገባበት ይችላል። «የጾም» ብሎ ይጥራ፣ ተጋቢኖም ቢሆን።

የልደታ ልጅ፦ ዓሣስ? ሆቴሉ ሁሉ በጾም ዓሣ ጥብስ ያቀርባል።

መርካቶ ሰባተኛ፦ ስላቀረበ ይጾማል ማለት ነው? ዓሣ ሥጋ አይደል እንዴ?

የልደታ ልጅ፦ ደም የለውም ይላሉ።

መርካቶ ሰባተኛ፦ ገበያ ወርደህ ዓሣ ሲታረድ አይተህ ታውቃለህ? ደም የለውም!

ሀኪም ቤት፦ ደም አለው። ይሄ የባዮሎጂ ጥያቄ አይደለም።

የልደታ ልጅ፦ አያቶቻችን ይበሉ ነበር።

አባ ቁርጥ፦ የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔ የሥጋ ሰው ነኝ። ዓሣ የምትበሉ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎንና ጎኑ ተሰንጥቆ የሚመጣውን እዘዙ። ካልተሰነጠቀ ውስጡ ሳይበስል ቆዳው ያርራል።

ትዝታ ከሚኒያፖሊስ፦ ለፈረንጅ ጓደኞቼ ጭፈራ ያለበት ቤት?

አባ ቁርጥ፦ ዮድ አቢሲኒያ። ለጭፈራው ነው የሚኬደው፤ ቁርጥ እዚያ አትፈልጉ።

ብርሌ፦ ጠጅስ?

አባ ቁርጥ፦ ብዙው ስኳር ነው። ምላስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ ተወው። ብርዝ ጀማሪ ይጠጣው፤ ደረቁ ቶሎ ይመታል፣ ከተማው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ከቆላ የመጣ ይጠንቀቅ።

ቡና በጠዋት፦ ቡናና ቁርስ?

አባ ቁርጥ፦ ቡና ቶሞካ፤ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ቆማችሁ ጠጡ። ቁርስ ፉል ወይም ጨጨብሳ። የበግ ዱለት ካገኛችሁ ግን ሁለቱንም ተዉ። ጨጓራው ታጥቦ ታጥቦ መንጣት አለበት፤ ከጨጓራው፣ ከጉበቱና ከቀዩ ሥጋ የትኛውም ለብቻው ጎልቶ እንዳይታይ ደቅቆ ይከተፋል። ጉበቱ ከበዛ ይመርራል። ጠዋት ነው የሚበላው። ከሰዓት በኋላ ዱለት ካቀረቡልህ ከጠዋት የተረፈ ነው።

ከሪያድ፦ ሂሳቡ ላይ ሁልጊዜ ከሜኑው በላይ ይመጣል። ያጭበረብራሉ?

አባ ቁርጥ፦ አይደለም፤ ሜኑው ታክስ ያልጨመረ ነው። ብዙ ሆቴል አሥር በመቶ አገልግሎት፣ በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራል፤ 1,000 ብር የተባለው 1,265 ይሆናል። ከማዘዝህ በፊት «ታክስ አለው?» በል። ሥጋ ቤት ደግሞ ኪሎው ጥሬ ነው የሚመዘነው፤ ጥብስ ሆኖ ሲመጣ ሲሶው ቢጎድል ሰረቁኝ አትበል፣ እሳት ላይ የቀረ ውኃ ነው።

አዲስ ገባ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ነገ ዓርብ እደርሳለሁ፣ ጥሩ ቁርጥ ቤት የት አለ?

አባ ቁርጥ፦ ዓርብ።

የጎጃም በረንዳ፦ ሃሃሃ፣ ቀኑን እይ አለህ እኮ።

አዲስ ገባ፦ ታዲያ ምን ልብላ?

አባ ቁርጥ፦ ነገ በያይነቱ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሥጋ ቤት ሂድ፣ ሽንጥ በል፣ ሚዛኑ አጠገብ ቁም።