ጨረቃ ላይ የወጣ አገር ባቡር ያቅተዋል?

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ባልቲሞር ነው፤ ሥራዋ ዋሽንግተን። በየቀኑ በባቡር ትመላለሳለች። ስደውልላት «እማዬ፣ ዛሬም ቆመናል» ትለኛለች። ጨረቃ ላይ የወጣ አገር ባቡር እንዴት ያቅተዋል?
አንዲት እናት፣ ከዓባይ ማዶ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እናቴ፣ የዓባይ ማዶ ሰው ይህ አይጠፋውም። አዲሱ ድልድይ በ2016 እስኪከፈት ባጃጁም ሲኖትራኩም በአንዱ ጠባብ ድልድይ አልነበር የሚተላለፈው? እኔ ስንቱን ቀጠሮ እዚያ ሰልፍ ላይ ቀብሬዋለሁ። መኪናው ቢፈጥን ምን ዋጋ አለው!

ልጅዎ የምታልፍበት የባልቲሞር ዋሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ዐፄ ዮሐንስ ዘውድ በጫኑ በዓመቱ ማለት ነው። መታጠፊያው ስለሚከብድ ባቡሩ በሰዓት ወደ 48 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ያው እንደ ከተማ ታክሲ። አሁን የአሜሪካ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት የሆነው አምትራክ ምትኩን ዋሻ እያስቆፈረ ነው። እሱ ሲያልቅ ከ160 በላይ ይኬድበታል ተብሏል።

ከቦስተን እስከ ዋሽንግተን ካለው መስመር ውጭ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ሐዲዱ በአብዛኛው የጭነት ባቡር ኩባንያዎች ንብረት ነው። ሕጉ ለመንገደኛ ቅድሚያ ስጡ ይላል። ግን የጭነቱ ባቡር አንዳንዴ ከመተላለፊያው ሐዲድ ስለሚረዝም ዞር ብሎ ማሳለፍ አይችልም። መንገደኛው ቆሞ ይጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለባቡር 66 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። እኔን ከጠየቁኝ፣ ከአዲስ ባቡር በፊት እንዲህ ያለው ማነቆ ይቅደም። ልጅዎ ግን እስከዚያው አንድ ባቡር ቀድማ ትሳፈር።