መጦሪያ ስትመርጪ ጠያቂ የሌለውን ሰው እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ 76 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዟቸዋል። አንቺ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠሪያለሽ። ከደሴ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ጠቁመውሽ «ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለሻል። እኔ አባቴን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ መጦሪያ አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ቤት ጎዳቸው፤ ሁለተኛው ጦረልኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቤት ግቢው በአበባ የተሞላ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ስንሄድ ቡና ተፈልቶ ጠበቀን፤ ኃላፊው ሲያናግርሽ ልብሽ ያርፋል። በ4ኛው ወር አባቴን ላገላብጣቸው ስል ከወገባቸው ዝቅ ብሎ አውራ ጣት የሚያስገባ ቁስል አየሁ። ይህ በአንድ ሌሊት የሚመጣ አይደለም። እኔ የምሄደው በየ15 ቀኑ እሁድ 5 ሰዓት ነበር። ሁልጊዜ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የማገኛቸው። ለካ ሰዓቴን ያውቁታል።

ስለዚህ ሳትናገሪ ሂጂ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ አንድ ቀን ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ። በር ላይ «ዛሬ የጥየቃ ቀን አይደለም» ካሉሽ ምክንያቱን ጠይቂ። ስትገቢ እንግዳ መቀበያው ላይ አትቀመጪ። ብርቱካን ነገር ይዘሽ «ጠያቂ የሌላቸው ሰው አሉ? ልጠይቃቸው» በዪ። ጠያቂ ላለው ሰው ሁሉም ቤት ይጠነቀቃል። ማንም የማይመጣላቸውን አዛውንት ስታዪ ግን የቤቱን ልክ ታገኚዋለሽ። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቂ፣ ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ በዪ። ጥፍራቸው ተቆርጧል? ከንፈራቸው ደርቋል? ውሃው እጃቸው የሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ መስኮቱ ላይ? ሽማግሌ ውሃ ቢጠማውም ብዙም አይታወቀውም፤ ካላጠጡት አይጠጣም።

ስለ አልጋ ቁስል ትንሽ ልቆይ፣ የእናትሽ ዋና አደጋ እሱ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው አልጋ ላይ ሲሆን በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎን ሊቀየርለት ይገባል። ሌሊትም ጭምር። «ማታ ስንት ሰው ተረኛ ነው? ለስንት አልጋ?» ብለሽ ጠይቂ። ኃላፊውን ብቻ ሳይሆን አረጋውያኑን የምታጥበውን ልጅ ጠይቂያት። እኔ ያልጠየቅኩት ይህንን ነበር፤ ለካ ማታ ለ20 ሰው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷን አልወቅስም፣ ምን ታድርግ። ተረከዝ፣ ዳሌና መቀመጫ ላይ እዪ። የእኛ ቆዳ ጠቆር ስለሚል መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። ከአካባቢው ሞቅ ካለ ወይም ጠጠር ካለ ቁስሉ እየጀመረ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሲያበሉ እዪ። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይቸግረዋል። ተቀምጦ ነው መብላት ያለበት፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደም። ተጋድሞ አጥሚት የሚጋት ሰው ካየሽ ቤቱን ትተሽ ውጪ። ምግቡ ሳንባው ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። ሲያነሷቸውም የደከመውን እጅ ይዘው ከጎተቱ ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። በሁለተኛው ቤት የነበረችው ነርስ አባቴን ከወገባቸው አቅፋ ነበር የምታነሳቸው። «አባባ፣ ላነሳዎት ነው» ሳትል አትነካቸውም። አነጋገሩን አዳምጪ። ትልቅ ሰውን «አንተ» ወይም «አንቺ» እያሉ የሚያንጓጥጡበት ቤት እጁም ሻካራ ነው።

መድኃኒት ላይ አታፍሪ። የደም ግፊቱን ክኒን ስም፣ መጠንና ሰዓት ራስሽ ጽፈሽ ያዢ፣ ስትሄጂ ክኒኑን ቁጠሪ። የሚመዘግቡበትን ደብተር አሳዩኝ በዪ። ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፉ ሰዎች ከበዙ ምን እንደሚሰጧቸው ጠይቂ።

ብርዱን አስቢ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ግድም ነው፣ ደሴ ወደ 2,500። እናትሽ የለመዱት ሙቀት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ስንት ብርድ ልብስ እንደሚሰጡ፣ የሚታጠቡት በሞቀ ውሃ መሆኑን እዪ። ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አላቸው? ሌሊት ቢታመሙስ በምን መኪና፣ በየትኛው መንገድ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ይደርሳሉ? አስፋልቱ ድረስ ያለው ኮረኮንች በዝናብ ይታለፍ እንደሆነ ባጃጅ ነጂዎቹን ጠይቂ፣ እነሱ ይነግሩሻል።

ምግቡ ላይ ደግሞ የወሎን ነገር አትርሺ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ግቢ ይኖራል፣ ስጋው ግን ለየብቻ ነው። ለማን ምን እንደሚቀርብ፣ ለጾመኛው ምን እንደሚሠራ፣ ለሶላት ውዱእ የሚያስደርግ ሰው መኖሩን ጠይቂ። አባቴ በመጀመሪያው ቤት ስጋው የማን እንደሆነ ስላላወቁ ዝም ብለው ይተዉት ነበር። ከሱ፤ እኛ ግን «የምግብ ፍላጎት የላቸውም» እያልን ነበር። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው የገባኝ።

«እናቷን ጣለች» የሚልሽ ዘመድ አይጠፋም። እኔንም ብለውኛል፣ አልቅሼበታለሁ። ከእነሱ ውስጥ ግን አንድ ሌሊት መጥቶ አባቴን ያገላበጠ አልነበረም። አንቺ ፈረቃ ላይ ሆነሽ እናትሽ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ከሚወድቁ፣ በደንብ ያየሽው ቤት ይሻላል።

ከመፈረምሽ በፊት ለአንድ ወር ሙከራ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። የሌሊት ፈረቃ ከሆንሽ ጠዋት ስትወጪ በሐረጎ ዳገት ቀጥ ብለሽ ውጪ፣ ደሴ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁርስ ሲያበሉ ትደርሻለሽ። ብቻሽን ከከበደሽ ጻፊልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለኝም፣ ደሴ ፒያሳ ተገናኝተን አብረን እንሄዳለን።