ያለ መኪና የሱቅ ሥራ ፍለጋ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ለጠየቃችሁኝ

በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት መኪና አልነበረኝም፤ ከሱቅ ሱቅ እየቀያየርኩ በባስና በሜትሮ ነው የሠራሁት። አሁን አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ የሺፍት ኃላፊ ነኝ፣ ሰው ሲቀጠርም ኢንተርቪው ላይ እቀመጣለሁ። ሰሞኑን አዲስ የገቡ ልጆች ስለዚሁ ጉዳይ እየደወሉልኝ ስለሆነ «ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ» ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁም ከዛሬ ጀምሮ በሱ አስቡ።

ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ዋይት ኦክ አጎቴ ጋ ነው ያለሁት። ሁሉም «እዚህ ያለ መኪና ሥራ የለም» ይለኛል። ከየት ልጀምር?

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም መጣህ። የነገሩህ ግማሹ እውነት ነው። ከዲሲ ወጣ ሲባል ያለው ሰፈር የተሠራው መኪና ላለው ሰው ነው፤ ሱቁ ከመንገድ ገባ ብሎ በፓርኪንግ ተከቦ ይቀመጣል፣ ከባስ ወርደህም ገና ብዙ ትሄዳለህ። ግን አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ቅደም ተከተሉን ስለሚያዛባው ነው። መጀመሪያ ሱቅ ይፈልጋል፣ ይቀጠራል፣ ከዚያ ስለ ባስ ያስባል። አንተ ከባሱ ጀምር። ከአጎትህ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ውስጥ የሚያልፉትን ባሶች እያቸው፤ ከነሱ መሃል ማታም፣ እሁድም የሚሠራውን ለይ፤ ከዚያ ያ ባስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ላሉት ሱቆች ብቻ አመልክት። ቅያሬ ካለው ከአንድ አይብለጥ። ሁለት ቅያሬ ያለው መንገድ ስልክህ ላይ አርባ ደቂቃ ይልሃል፤ አንዱ ባስ ሦስት ደቂቃ ከዘገየ ግን ቀጣዩ ጥሎህ ይሄድና ግማሽ ሰዓት ብርድ ላይ ትቆማለህ።

ያለህበት ሰፈር ደህና ነው። በሩት 29 የሚሄደው ፍላሽ ባስ ዋይት ኦክ ጋ ይቆማል፣ መጨረሻው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ጣቢያ ነው። የዳውንታውኑ ሱቆች ከዚያ በእግር ናቸው። ሬድ ላይን በሚባለው የሜትሮ ባቡር መስመር ከቀጠልክ ዊተን ታገኛለህ፤ ሞሉ ከጣቢያው አጠገብ ነው፣ ታርጌትም ኮስትኮም እዚያው ናቸው። በሌላኛው የሬድ ላይን ጫፍ ደግሞ ትዊንብሩክና ኖርዝ ቤተስዳ አሉ፤ ከጣቢያ ወርደህ ሮክቪል ፓይክ ላይ ያለውን ሱቅ ሁሉ በእግርህ ማዳረስ ትችላለህ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ባሶች፣ ራይድ ኦን የሚባሉት፣ ፍላሽንም ጨምሮ ከጁን 29፣ 2025 ጀምሮ ነጻ ናቸው፤ ካርድም ሳንቲምም አትፈልግም። በዚያው ቀን ሜትሮባስ፣ ማለትም የሜትሮው ድርጅት የሚያንቀሳቅሳቸው ባሶች፣ የመስመሮቹን ስም በሙሉ ቀይሯል። ስለዚህ አጎትህ ለዓመታት በቃሉ የሚያውቀው የባስ ቁጥር አሁን የለም፤ በሱ ተማምነህ ፌርማታ ላይ እንዳትቆም። አሁን በሞንትጎመሪ የሚሄዱት ሜትሮባሶች በ«ኤም» ነው የሚጀምሩት።

አፕሊኬሽኑ «አስተማማኝ መጓጓዣ አለዎት?» ይላል። የለኝም ብል አይጠሩኝም፣ አለኝ ብል ደግሞ መዋሸት መሰለኝ።

እህቴ፣ አለኝ በዪ። ውሸት አይደለም። የጠየቁሽ መኪና እንዳለሽ ሳይሆን በሰዓትሽ መድረስ መቻልሽን ነው። ዓምና ኢንተርቪው ያደረግናት አንዲት ልጅ ይህንን ስትጠየቅ ስልኳን አወጣችና «ይሄ ባስ 7:10 ከቤቴ ይነሳል፣ 7:45 እዚህ ነኝ። ካመለጠኝ ቀጣዩም ከስምንት ሰዓት በፊት ያደርሰኛል» ብላ አሳየችን። ማናጀሩ ስለ መጓጓዣ ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ቀጣሪ የሚፈራው «ባሱ ቀረብኝ» የሚል የጠዋት ስልክ ነው። ያንን ፍርሃት አስቀድመሽ ካነሳሽለት መኪና ካለው ሰው እኩል ነሽ።

ማናጀሩ «ክሎዚንግ ትሠራለህ?» ሲለኝ ቸኩዬ እሺ አልኩ። አሁን ጨንቆኛል፤ የመጨረሻው ባስ ሱቁ ከተዘጋ ከ35 ደቂቃ በኋላ ነው።

በዚህ የደረሰብኝን ልንገርህ። የመጀመሪያ ሥራዬ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ስትሪፕ ሞል ውስጥ፣ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። 9:30 ይዘጋል፣ የመጨረሻው ባስ 10:05 ያልፋል። ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሱቅ መዝጋት ማለት ግን በር ቆልፎ መውጣት አይደለም። የካሽ ድሮወር፣ ማለትም የገንዘብ መሳቢያው፣ ይቆጠራል፣ ደንበኛ የበተነው ልብስ ይታጠፋል፣ መልበሻ ክፍሎቹ ይጸዳሉ፣ ቆሻሻ ይወጣል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል እንጂ አንተ ብቻህን አትወጣም። በሁለተኛው ሳምንቴ፣ ኖቬምበር ላይ፣ ከድሮወሩ 20 ዶላር ጎደለ ተባለና ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። በመጨረሻ ሁለት የአሥር ዶላር ኖቶች ተጣብቀው ተገኙ። ስወጣ የባሱን ቀይ መብራት መታጠፊያው ላይ አየሁት። ሃምሳ ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። የመንገዱ ግማሽ የእግረኛ መሄጃ ስለሌለው ሣር ላይ ነው የሄድኩት፤ መኪኖቹ ሲያልፉ የሚገፋኝ ነፋስ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ «ስንት ሰዓት ትዘጋላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ። «የዘጉት ልጆች ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ነው ፓንች አውት ያደረጉት?» በል፤ የመውጫ ሰዓታቸውን የመዘገቡበትን ማለት ነው። መልሱን ከማናጀሩ ይልቅ እዚያ ከሚሠሩት ልጆች በትክክል ታገኘዋለህ። ከዚያ አቬይለቢሊቲ፣ ማለትም መሥራት የምትችልበት ሰዓት፣ የሚሞላበት ቦታ ላይ «እስከ 9 ሰዓት» ብለህ በጽሑፍ አስገባ። በቃል የተባለ ነገር ስኬጁል የሚያወጣው ሰው ጋ አይደርስም። አሁን እሺ ማለትህን ዛሬውኑ አስተካክል፤ «የባስ ሰዓቱን አይቼ ነው፣ ጠዋት መክፈት እችላለሁ» በለው። ጠዋት የሚከፍት ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።

ሌላም አለ። ኮሚዩተር ኮኔክሽንስ የሚባለው የአካባቢው አገልግሎት በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን በባስ፣ በባቡር ወይም በእግር ሥራ ለሚሄድ ሰው፣ ድንገት ቢታመም ወይም ሳይነገረው ኦቨርታይም ቢቆይ፣ በዓመት እስከ አራት ጊዜ በነጻ ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ክፍያ የለውም። የሚሠራው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 6 እስከ ማታ 10 ሰዓት ስለሆነ ለቅዳሜ ማታ መዝጊያ አትቁጠረው።

በኡበር እየተመላለስኩ ብጀምርስ?

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ50 በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ቢያንስ 17.65 ዶላር በሰዓት ይከፍላል። የአምስት ሰዓት ሺፍት 88.25 ነው። መሄጃና መምጫ ሃያ ሃያ ዶላር ብታወጪ 48.25 ይቀርሻል፣ ታክስ ሳይነሳ። በሰዓት 9.65 መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ዋጋው ይወጣል። ኡበርን ለአንድ ክፉ ቀን አስቀምጪው እንጂ የየቀን መንገድሽ አታድርጊው።

አንድ ያገራችን ልጅ አብሮኝ ይሠራል፣ በመኪናው ይወስደኛል። ገንዘብ ስሰጠው አይቀበልም። እስከ መቼ እንዲህ ይሆናል?

ይህ ብዙ ሰው የሚያፍርበት ጥያቄ ነውና በግልጽ ልመልስ። ይሉኝታ እዚህ ላይ ሁለታችሁንም ይጎዳል። እሱ «ተወው ባክህ» ይላል፤ አንተ ትተወዋለህ፤ ከሦስት ወር በኋላ እሱ አርፍዶ ሲነሳ አንተም ታረፍዳለህ፣ እሱ ሥራ ሲቀይር አንተም ሥራህን ታጣለህ። እኔ ጋ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ነው የወጣው፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ገንዘብ እጁ ላይ አትዘርጋ፣ ይገፋልሃል። ነዳጅ ማደያ ሲቆም ቀድመህ ውረድና ካርድህን አስገባ፤ ሳምንት በሳምንት፣ ሳታቋርጥ። ከቤትህ በር ድረስ እንዲመጣ አታድርገው፣ እሱ በሚያልፍበት መታጠፊያ ላይ አምስት ደቂቃ ቀድመህ ቁም። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሆን ብለህ በባስ ሂድ። ባሱን ሳታውቀው አትቅር፤ እሱ የማይመጣበት ቀን ይመጣል።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቫን ዶርን አካባቢ ነው። ለቨርጂኒያስ የሚሆን ነገር አለ?

አለ እንጂ። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ባስ፣ ዳሽ፣ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ነጻ ነው። 35 ቁጥሩ ፔንታጎን ያወርድሻል፤ ከዚያ ፔንታጎን ሲቲ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ነው፣ ጣቢያው ከሞሉ ጋር በምድር ውስጥ ይገናኛል። ዝናብ ሳይነካሽ ሥራ ትገቢያለሽ። በሲልቨር ላይን የሚቀርብሽ ከሆነ ታይሰንስም እንዲሁ ነው፣ ከጣቢያው ወደ ሞሉ በድልድይ ትሻገሪያለሽ። ሬጋን ኤርፖርት ውስጥ ያሉትን ሱቆችም አትርሺ፤ ሜትሮ በራፉ ላይ ነው፣ ኤርፖርት ውስጥ ለመሥራት የሚያስፈልገው ባጅ ምርመራ ግን ጊዜ ይወስዳል።

የክፍያ ወለሉ፣ ማለትም በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ በፖቶማክ ወንዝ ማዶና ማዶ ይለያያል። በ2026 የቨርጂኒያ 12.77 ዶላር ነው፣ የዲሲ ደግሞ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95። ትልልቆቹ መደብሮች ቨርጂኒያም ውስጥ ብዙ ጊዜ ከወለሉ በላይ ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ሳትጠይቂ ዲሲ ድረስ አትሩጪ።

እየተሠራ ያለው አዲሱ የባቡር መስመር፣ ፐርፕል ላይን፣ ሲከፈት አይሻልም?

ይሻላል። ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 21 ጣቢያ ይኖረዋል፣ ላንግሊ ፓርክንም ሲልቨር ስፕሪንግንም ያገናኛል። የተያዘው ዕቅድ በ2027 መጨረሻና በ2028 መጀመሪያ መካከል ነው። ኪራዩ እስከዚያ አይጠብቅምና አሁን ባለው ባስ ፈልጊ።

ግሪን ካርዴ ገና አልመጣም። ሱቁ «እሱን ሳታመጣ አትጀምርም» አለኝ።

ፓስፖርትህ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ፣ ኤርፖርት ማኅተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት በግሪን ካርድ ምትክ ያገለግላል። አይ-ናይን በሚባለው፣ የመሥራት ፈቃድህ በሚረጋገጥበት ፎርም ላይ ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደምታቀርብ የምትመርጠው አንተ ነህ፤ ቀጣሪው «ይሄን ብቻ» ሊልህ አይችልም። የስቴት መታወቂያና ገደብ ያልተጻፈበት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድም አብረው ይበቃሉ። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሜሪላንድ ውስጥ መታወቂያውን መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ከኤምቪኤ፣ ያገኛል። ሳትጣላ፣ ፓስፖርቱን ገልጠህ ማኅተሙን አሳየው። ብዙዎቹ ይህን ቪዛ አይተውት ስለማያውቁ ነው።

እሁድ ቅዳሴ አለኝ። ብናገር አይቀጥሩኝም ብዬ ፈራሁ።

15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ በሥራው ላይ ከባድ ጫና እስካላመጣበት ድረስ፣ የሃይማኖት ጥያቄህን ማመቻቸት በሕግ ግዴታው ነው። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ትንሽ ያስቸግረኛል» ማለት ብቻ እንደማይበቃ ወስኗል። ሂጃብ ለምትለብሱ እህቶቼም በ2015 ከአንድ የልብስ መደብር ጋር በተደረገ ክርክር ያው ፍርድ ቤት ለሙስሊሟ አመልካች ወገን ፈርዶላታል።

ከሕጉ በፊት ግን በመግባባት ይሞከር። እሁድ ለሱቅ ትልቅ ቀን ነው፣ ባሱም ጠዋት ላይ ይሳሳል። እኔ ያቀረብኩት እንዲህ ነበር፦ «እሁድ ከ1 ሰዓት በኋላ እስክትዘጉ አለሁ። ዲሴምበር 24 እና 26 ሁሉም ዕረፍት ሲፈልግ እኔ እገባለሁ፤ ጃንዋሪ 7 የኛ ገና ነው፣ እሱን ልቀቁኝ።» ማናጀሩ ወዲያው ነው የተስማማው። የኛ በዓል ከነሱ መለየቱ ለሱቅ ሠራተኛ ትልቅ መደራደሪያ ነው።

እናቴ 57 ዓመቷ ነው፣ እንግሊዝኛ ብዙ አትችልም፣ ግን ቤት መዋል ከበዳት። ሱቅ ይሆንላታል?

ይሆንላታል፣ ቦታውን ካወቅሽላት። ካሸር ላይ አታስገቢያት። ልብስ ማጠፍና መስቀል፣ መልበሻ ክፍል፣ የሱፐርማርኬት አትክልት ክፍል ጥሩ ነው፤ ሥራው በዓይን የሚለመድ ነው። እኛ ጋ ያሉ አንዲት እናት ሹራብ ሲያጥፉ ነጠላ የሚያጥፉ ነው የሚመስለው፤ ጫፍ ከጫፍ ገጥመው፣ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው። ወጣቶቹ ከሳቸው ነው የሚማሩት።

የማሳስብሽ መንገዱን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አብረሻት ሂጂ። ባሱ እንዲያወርዳት ገመዱን መቼ እንደምትስብ፣ በየትኛው በር እንደምትወርድ አሳያት፤ ከፌርማታው በፊት የሚታይ አንድ ምልክት፣ ነዳጅ ማደያም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ያዢላት። ጆርጂያ አቨኑን የምትሻገረው መብራቱ ጋ ብቻ ይሁን፣ ርቆ ቢሆንም። ማታ እንዳትገባ፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ እንድትቀር አስቀድመሽ ለማናጀሩ ንገሪ፤ መንገዱ ሲጠረግ የእግረኛው መሄጃ ለቀናት ሳይጠረግ ይቆያል።

ኢንተርቪዬ ነገ በ3 ሰዓት ነው። ምን ላዘጋጅ?

መጀመሪያ ኢሜይሉን እንደገና አንብበው፤ 3 ፒኤም ነው ወይስ 9 ኤኤም የሚለው? በኛ ሰዓት አስቦ ጠዋት 9 የሄደ ልጅ አውቃለሁ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ 9 ኤኤም የተባለችው ከሰዓት በኋላ መጥታ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ቆያት። ከዚያ ዛሬ፣ ነገ በምትሄድበት ሰዓት፣ ያንኑ ባስ ተሳፍረህ ሱቁ ድረስ ሂድ። ውስጥ ግባ፣ ዞር ዞር በል፣ የሚሠራ ልጅ ካገኘህ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደወጡ ጠይቀው። መመለሻውን ፌርማታም እዚያው እያለህ ፈልገው፤ ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ መሻገሪያው ሩቅ ሊሆን ይችላል።