ቴርሞስታቱን አይቀይሩ፤ ቁጥሩን ዝቅ ያድርጉት

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ ቁርስ ቤት አለኝ። ለሻይ የምጠቀምበት 20 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ቴርሞስታቱን 100 ላይ ካደረግሁት መብራቱ አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ ሲፍለቀለቅ ይውላል፤ ውሃው ያልቃል፤ ቆጣሪው ይሮጣል። ቴርሞስታቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ አሁን ደግሞ ኤለመንቱ ይቀየር ተብያለሁ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አይቀይሩ። ጥፋቱ የቁጥሩ ይመስለኛል። ቴርሞስታት ውሃ ፈላ አልፈላ አያውቅም፤ የታዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን መቁረጥ ብቻ ነው ሥራው። አዳማ ላይ ደግሞ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች በውሃው ላይ የሚጫነው አየር ይቀላል፤ ስለዚህ 94 ወይም 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። መፍላት ከጀመረ በኋላ የሚሰጡት ኃይል ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። ቴርሞስታትዎ የማይመጣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በሩን ከፍቶ ይውላል። ይኸው ማፍያ በከተማችሁ በሚያልፉት የጭነት መኪኖች ተጭኖ ጅቡቲ ወደብ ቢደርስ፣ 98 ላይ ተደርጎ በወጉ ይጠፋል። አዲስ አበባ ቢወጣ ግን ውሃው 92 አካባቢ ስለሚፈላ 95 ላይ እንኳ አይጠፋም።

የቆጣሪው ሩጫም ከዚሁ የመጣ ነው። አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ከሚፈጀው ኃይል ይልቅ፣ ያንኑ የፈላ ሊትር አትንኖ ለመጨረስ የሚፈጀው ሰባት እጥፍ ያህል ይበልጣል። በቀን 10 ሊትር በእንፋሎት ከጠፋብዎ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለጣሪያው ከፈሉ ማለት ነው።

አሁን ማፍያው እየፈላ ሳለ መዞሪያውን ከ100 ወደ ታች በጣም በዝግታ ያዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ መብራቱ ይጠፋል። ያን ቁጥር ምልክት ያድርጉበት። የመዞሪያ ጽሑፍ ጥቂት ዲግሪ መሳቱ የተለመደ ነው፤ 90 ላይ ቀጭ ቢል አይደንግጡ። ከዚያ ቁጥር አምስት ያህል ዝቅ አድርገው ይተዉት። እስከ 70 ወርደው ካልጠፋ ግን የውስጡ መገናኛ ተጣብቋል፤ ያኔ መቀየሩ ተገቢ ነው። ኤለመንቱን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያፈላ ኤለመንት ተበላሽቷል የሚል ባለሙያ ምን አይቶ እንደሆነ አልገባኝም።

ውሃው ካልተንተከተከ ሻዩ አይጥምም ይሉኝ ይሆናል። 90 ዲግሪ ለሻይ ቅጠል ይበቃል፤ ጠቆር ያለ ለሚወዱ ደንበኞች በማንቆርቆሪያ ለብቻ ያፍሉላቸው። ስለ ተቅማጥ ጀርሞችም አያስቡ፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲቆዩ ይሞታሉ።

ያለ ማቋረጥ መፍላቱ ሌላም ጣጣ አለው። እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ በውሃው ውስጥ የነበረው ማዕድን እዚያው ይቀራል። እርስዎ ሲጨምሩ እሱም ይከማቻል። ኤለመንቱ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት ከዚህ የመጣ ነው። ዕቃውን ከሶኬት ነቅለው፣ ሞቅ ባለ ውሃ ላይ እኩል ኮምጣጤ ጨምረው አንድ ሰዓት ያቆዩትና በደንብ ያለቅልቁት። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ ማፍላት አያስወግደውም፣ ያጠነክረዋል እንጂ። ማታ ማታ የተረፈውን ይድፉት።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ውሃው እያለቀበት በተደጋጋሚ ሲጠፋ፣ አንዳንድ ጠጋኝ ከደረቅ ቃጠሎ የሚከላከለውን መቁረጫ ዘልሎ ሽቦውን በቀጥታ ያገናኘዋል። ሁለት ጊዜ ተከፍቷልና የታችኛውን ክዳን በሌላ ባለሙያ ያስፈትሹ፤ የመሬት ሽቦውም ከብረቱ አካል ጋር መታሰሩን ይይልዎ። መቁረጫው ተዘልሎ ከተገኘ በቦታው እስኪመለስ ድረስ ማፍያውን አይሰኩት።