«ሥራ ነው» ለምትሉኝ

ባለፈው ወር እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኝ አንድ የሐበሻ ሱቅ እንጀራ ልገዛ ገብቼ፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላው አንድ ያገሬን ልጅ አገኘሁ። «እንዴት ነህ?» አልሁት። «ሥራ ነው» አለኝ። «ቤተሰብስ?» ብለው «ያው፣ ሥራ ነው» ብሎ እንጀራውን ታቅፎ ወደ በሩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን አፈርሁ፤ በዚህ ከተማ ያንን ቃል ከእኔ በላይ የተናገረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 ነው። መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሠራሁ፤ ከዚያ ታክሲ ያዝሁ። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ሻንጣቸውን የተቀበልኋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በምን በምን እንደሚደናቀፉም አይቻለሁ። ስለዚህ ብትቀየሙኝም ስሙኝ።

1. ወረቀት

አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ፤ የፈረማችሁትን ሁሉ ቅጂ አስቀሩ፤ ጠበቃ ሳይሆን ጉዳይ አስፈጽማለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ። ይኸው ነው።

2. ሥራ

ሁለት ሥራ ያዙ፤ አልከለክልም። አገር ቤት የሚጠብቅ አለ፣ የቤት ኪራይም ቀኑን አይስትም። ግን ከሳምንቱ ውስጥ ግማሽ ቀን ለራሳችሁ አስቀሩ። አለቃችሁ ትርፍ ሰዓት ሲላችሁ አንድ ጊዜ እንኳ «አይመቸኝም» ማለትን ተለማመዱ፤ አፋችሁ አይቆረጥም።

የሚገርመኝ ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ የጎረቤቱን ደጅ ያልረገጠ ሰው፣ ጁላይ ሲደርስ ፈቃድ ወስዶ፣ ሆቴል ይዞ፣ ከ1984 ጀምሮ ወደሚዘጋጀው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ይበርራል። እኔም በርሬያለሁ። ግብ ሲገባ ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ሕዝቡ ከአጥሩ ሥር ቆሞ «አንተ፣ የእነ እገሌ ጎረቤት አልነበርህም?» እየተባባለ ይተቃቀፋል። ሰው ናፍቆት ነው እንጂ ኳስማ በቴሌቪዥንም አለ። ታዲያ አብሮህ የሚሠራው ልጅ ቤቱ ሁለት ፌርማታ አልፎ አይደለም እንዴ?

3. ዕድር

ግቡ። «ገና ወጣት ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» አትበሉ። እንዲህ ያለኝ ልጅ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የወንድሙን አስከሬን አገር ቤት ለመላክ በየሱቁ ሣጥን ይዞ ሲዞር አይቻለሁ።

ከገባችሁ ደግሞ ስብሰባ ሂዱ። እኔ ለ9 ዓመት መዋጮዬን አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ፤ ስብሰባ የሄድሁት ግን ሁለት ጊዜ ነው። በቀረሁ ቁጥር መቀጫ ስለሚቆረጥብኝ ገንዘብ ያዣችን «የዕድራችን ዋና ገቢ አንተ ነህ፤ እባክህ እንዳትመጣ» ይለኝ ነበር። እንደ ሙገሳ ቆጥሬው ሳቅሁ።

4. ጨዋታ

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ጨዋታ ስል ኳስና ካርታ ብቻ ማለቴ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ወሬውም ጨዋታ ነው። እንግዳ ቤታችን ሲገባ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ተነሥቶ አይሮጥም፣ ተደላድሎ ተቀምጦ ያወራል። ችግር በበዛበት ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጤፍ ተወደደ ብሎ ያማረረ ሰው፣ በዚያው አፉ ስለ ጤፉ ነጋዴ ቀልድ ፈጥሮ ቤቱን ያስቃል። ይህንን ይዘን መጥተን ነው እዚህ «ሥራ ነው» በምትል ሁለት ቃል የለወጥነው።

አባቴ ደብረ ብርሃን ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። በሰፈሩ ጨዋታ አዋቂ ይባላሉ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ሰው ቦታ የሚለቅላቸው ከሐዘንተኛው አጠገብ ነበር። እኔ እሑድ እሑድ በ5 ዶላር የስልክ ካርድ እደውልላቸዋለሁ። ቁጥሩን እንደ ጨረስሁ የቀረኝን ደቂቃ የምትነግረኝ የተቀዳች ሴትዮ አለች፤ እሷ ስትናገር ልቤ ይመታል። አባቴ ጤናዬን ጠይቀው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «አንድ ነገር ላጫውትህ» ይላሉ። የጎረቤታችን የአቶ እገሌ በቅሎ ነች፤ ገበያ መሐል ቆማ አልንቀሳቀስም ትላለች። ሦስት ጊዜ ጀመሩልኝ። ሦስቱንም ጊዜ «አባባ፣ ቶሎ ይበሉ፣ ምን ያህል ልላክ? ካርዱ እያለቀ ነው» ብዬ አቋረጥኋቸው። በመጨረሻው «እኔም እኮ እያለቅሁ ነው፤ ስለ ካርዱ ብቻ ነው እንዴ የምትሠጋው?» አሉኝ። ሳቅሁና ዘጋሁ። ፈረቃዬ ሊገባ 20 ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

በፈረንጆቹ 2009፣ ኅዳር ውስጥ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ታክሲዬን አቁሜ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ በር ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሐበሻ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እህቴ ለእኔ ሳይሆን ለዕድሩ ደውላ ኖሯል። ስድስት ሆነው ገቡ። ከፊት የቀደመው፣ በፊተኛው ዓመት እናቱ ሞተውበት «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ የቀረሁበትና በሰው እጅ 50 ዶላር የላክሁለት ሰው ነበር። በሁለት እጁ ሁለት ፔርሙዝ ይዟል፤ አንዱ ሻይ፣ አንዱ አጥሚት። ከእነዚያ ስድስት ሰዎች ሦስቱ በዚያ ጠዋት ሥራ ነበራቸው። አንዳቸውም አልነገሩኝም፤ በኋላ ነው የሰማሁት።

በሦስተኛው ሌሊት ካርታ ወጣ። ለቅሶ ቤት ኮንከር መጫወት ነውር የሚመስላቸው ልጆች እዚህ አሉ። አይደለም። ሐዘንተኛው ከሐሳቡ ጋር ብቻውን እንዳይቀር ሌሊቱ መገፋት አለበት፤ ሌሊት ደግሞ አንገት በመድፋት ብቻ አይገፋም። ያ ባለ ፔርሙዝ ሰውዬ ካርታውን እያደለ «አባትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለኝ። ጀመርሁ። ተማሪ ሲያስቀሩ የሚሉትን ተናገርሁ፤ ቄሱን በምን እንደሚያስቁ ተናገርሁ። ሴቶቹ ወጥ ቤት ያለውን ሥራ ትተው በሩ ላይ ቆሙ። ቤቱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬም አብሮ ይወርድ ነበር። ወዲያው አንዱ «እሺ፣ ከመጣህ በኋላስ ምን ይሉህ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምንም አልነበረኝም። 11 ዓመት ሙሉ ደውዬ የያዝሁት አንድ የተቋረጠች በቅሎ ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ እህቴን የበቅሎዋን መጨረሻ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። አላሳቀኝም። እሷም «አየህ፣ እሳቸው ካልነገሩት እንዲህ ነው» አለችኝ።

አሁን ስልኩ በነጻ ነው። የምትቆጥር ሴትዮ የለችም። እናንተ ግን አሁንም እናታችሁን «ገንዘቡ ደረሰ?» ብላችሁ ትዘጋላችሁ። ተዉ! አንድ ጊዜ ገንዘቡን ሳታነሡ ደውሉና ትናንት ቡና ላይ ማን እንደ ታማ ጠይቋቸው።

ልጆቻችሁንም እዚሁ ላይ ላንሣ። የእኔ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ብላ፣ ተነሥ፣ ዝጋው፣ ተኛ፤ እነዚህን አሳምሮ ያውቃል። ለትእዛዝ የሚሆን አማርኛ ነው ያስተማርሁት። አንድ ማታ፣ አለቃ ገብረ ሐና በተጋበዙበት ቤት ከመሶቡ ዘልላ የወጣችውን አይጥ በምርቃታቸው ውስጥ ሸሽገው አስገቧት የሚባለውን ጨዋታ ነገርሁት። ሰሙን ነገርሁት፣ ወርቁን ፈታሁለት፣ መሶብ እንዴት እንደሚከደን በእጄ አሳየሁት። ስጨርስ «እሺ አባዬ» አለኝ። ተብራርቶ የሚያስቅ ቀልድ የለማ! ቅዳሜ ፊደል ሊቆጥሩ ላኳቸው፣ ጥሩ ነው። ግን ልጁ አዋቂዎች በአማርኛ ሲስቁ ካላየ፣ ምን አጥቶ ነው ቋንቋውን የሚፈልገው? የሚሰማው ቁጣና የስልክ ክርክር ብቻ ከሆነ እኔም ብሆን ጆሮዬን እደፍን ነበር።

5. የባንክ ብድርና ቤት መግዛት

ይህን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ብዙም አይጠፋችሁም፤ ገንዘብ ነክ ነገር ላይ ጎበዞች ናችሁ።

የሱቁን ልጅ ያን ቀን ተከትዬው ወጥቼ ስልኩን ተቀበልሁት። እሑድ በ9 ሰዓት ቤቴ ቡና አለ አልሁት። ሁለት እሑድ «ሥራ ነው» አለ፤ በሦስተኛው መጣ። ቡናው ሲቆላ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል፤ ልጄ በርጩማ ላይ ቆሞ በፎጣ ያራግበዋል። አቦሉን ዝም ብሎ ጠጣ። ቶናው ሲቀዳ ልጁ ድንገት ተነሣና፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያስቆጥረውን የአለቃውን አካሄድ ሠራው። ሆዱን ወደ ፊት፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ። ከዚያ አለቃውን በደብረ ታቦር አማርኛ አስለፈለፈው። ልጄ ፎጣውን ጣለው።

የምትመጡ ስኳር አታምጡ፤ ሞልቷል። ካርታ ያለው ግን ይያዝ፤ የእኛው አንዱ ጆከር ጠፍቶበታል።