ዋይፋይ የማያሳይ ሊኑክስ፣ መብራት በሄደ ቁጥር የሚያኮርፍ ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ «ያለኝ ኤችፒ ላፕቶፕ ነው፤ ኮር አይ3 አምስተኛ ትውልድ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ ኡቡንቱ ጫንኩ፤ ፋየርፎክስ ለመክፈት እንኳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ጓደኛዬ ካሊ ይሻልሃል ብሎ ቀየረልኝ፤ እሱ ደግሞ ዋይፋይ ጭራሽ አያሳይም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ ያመጣል። የምሠራበት ኢንተርኔት፣ የአማርኛ ጽሑፍና ፊልም ነው። የትኛውን ልጫን?»

መልስ፦ አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ያነሱት ሦስት የተለያየ ችግር ነው። ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱና ካሊ ያለ የሊኑክስ ዓይነት) መቀየር የሚያቃልለው የመጀመሪያውን ብቻ፣ እሱንም በከፊል ነው።

ካሊን ከላፕቶፕዎ ያስወግዱት። የተሠራው ለደኅንነት ፍተሻ ባለሙያዎች ነው፤ አዘጋጆቹ ራሳቸው ለጀማሪም ለዕለት ሥራም እንደማይመክሩት ጽፈዋል። ስሙ ያምራል፣ ለፊልምና ለደብዳቤ ግን ምንም አይጨምርልዎትም።

ኡቡንቱ የተንቀረፈፈው ስለተበላሸ አይደለም። ዴስክቶፑ ግኖም ምንም ሳይከፈት ከ1 ጊጋ በላይ ራም ይይዛል፤ ብራውዘር ሲጨመርበት 4 ጊጋው ይሞላና ትርፉ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል። ዲስኩ ደግሞ የሚሽከረከር ነው። በዚያ ላይ የኡቡንቱ ፋየርፎክስ ስናፕ በተባለ የፕሮግራም ማሸጊያ ታሽጎ ስለሚመጣ፣ እንዲህ ባለ ዲስክ ላይ የመጀመሪያው አከፋፈት በጣም ይዘገያል። ለእርስዎ ማሽን የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው፤ ከእትሞቹም ሲናመንን ሳይሆን ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢን። መሠረቱ ኡቡንቱ 24.04 ስለሆነ አብዛኛው የኡቡንቱ መፍትሔ ይሠራበታል፣ ፋየርፎክሱ ያለ ስናፕ ነው፣ ዝማኔም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ያገኛል።

ግን ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይግዙ። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ 240 ጊጋ ይበቃል። ከማንኛውም ዲስትሮ ምርጫ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ራም በኋላ ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ሲገዙ ግን መለያው ላይ ዲዲአር3 ብቻ ሳይሆን ዲዲአር3ኤል፣ 1.35 ቮልት የሚል መኖሩን ያረጋግጡ። የ1.5 ቮልቱ ቦታው ላይ ልክ ይገባል፤ ላፕቶፑ ግን ላይነሳ ይችላል፣ ሻጩም «የሰጠሁህ ደህና ነው» ይልዎታል።

ለመጫን 8 ጊጋ ፍላሽ ያዘጋጁ፤ የሚወርደው ፋይል 3 ጊጋ ገደማ ነው። ዊንዶውስ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሩፈስ በተባለ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይጻፉት። ኤችፒውን ሲያበሩ ኢስኬፕን ደጋግመው ይምቱና ኤፍ9 ተጭነው ፍላሹን ይምረጡ። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል፤ ድምፁን፣ የስክሪን ብርሃኑንና ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱን እዚያው ይሞክሩ። «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፋይልዎን አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያውጡ። የመልቲሚዲያ ኮዴክ (ፊልምና ሙዚቃ የሚያጫውት ክፍል) ሲጠይቅ እሺ ይበሉ፤ ፊልም ያለ እሱ ድምፅ ወይም ምስል ሊጎድለው ይችላል።

አሁን ወደ ዋይፋዩ። መጀመሪያ ኪቦርዱ ላይ የአንቴና ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዩ፤ መብራቱ ብርቱካናማ ከሆነ ዋይፋዩ በቁልፍ ተዘግቷል ማለት ነው። ካልሆነ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ይክፈቱና ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በትንሹ፣ ሳይለያዩ ጽፈው ኢንተር ይምቱ። ከሚዘረዘሩት መስመሮች «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ይፈልጉ። በዚያ ዘመን ኤችፒዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወይ ብሮድኮም ቢሲኤም43142 ነው፣ ወይ ሪልቴክ አርቲኤል8723ቢኢ።

ብሮድኮም ከሆነ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ክፍት ስላልሆነ ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክሱ እምብርት፣ ጋር አብሮ አይመጣም። ካሊ ላይ ዋይፋይ ያጡት በዚህ ሊሆን ይችላል። ሚንት ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድሮይድ ስልክዎን በቻርጀር ገመዱ ያገናኙ፣ ስልኩ ላይ የስልኩን ኢንተርኔት በገመዱ የሚያካፍለውን ዩኤስቢ ቴዘሪንግን ያብሩ፣ ከሚንት ሜኑ «ድራይቨር ማኔጀር»ን ይክፈቱ፣ «ብሮድኮም ኤስቲኤ» የሚለውን መርጠው ይጫኑና ሪስታርት ያድርጉ። ዳታ ከሌለዎትም አይቸገሩ፤ የጫኑበትን ፍላሽ መልሰው ሲሰኩት ድራይቨር ማኔጀሩ ከዚያ ላይ ሊወስድ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከሁሉ የሚቀድመው ፕሮግራም) ውስጥ ሴኪዩር ቡት የሚባለው ያልታወቀ ድራይቨር የሚከለክል ጥበቃ በርቶ ከሆነ፣ ድራይቨሩን ሲጭኑ የይለፍ ቃል እንዲፈጥሩ ይጠየቃሉ። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ ለ10 ሰከንድ ያህል ብቻ ይጠብቅና ራሱ ያልፋል። በዚያች ጊዜ ማንኛውንም ቁልፍ ይምቱ፣ «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» ይበሉ፣ የፈጠሩትን የይለፍ ቃል ያስገቡና «ሪቡት» ይምረጡ። ካመለጠዎ ድራይቨሩ ተጭኖ እያለ ከርነሉ አልቀበልም ይለዋል፤ ዋይፋይ የለም፣ ስህተት የሚናገርም የለም። እንዲህ ከሆነ ላፕቶፑን ሲያበሩ ኤፍ10 ተጭነው ባዮስ ይግቡና ሴኪዩር ቡትን ያጥፉት። ለግል ላፕቶፕ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም።

ሪልቴኩ ከሆነ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ዋይፋይ ይታያል፣ ግን ራውተሩ አጠገብ ካልሆኑ አይዝም። ምክንያቱ ካርዱ ሁለት የአንቴና መሰኪያ ሲኖረው ላፕቶፑ የተሠራው በአንድ አንቴና መሆኑ ነው፤ ድራይቨሩ ባዶውን መሰኪያ ያዳምጣል። የድራይቨሩን «አንት ሴል» የተባለ ቅንብር 2 ማድረግ፣ ካልሆነ 1፣ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። ኤስኤስዲ ለማስገባት ከከፈቱት አይቀር አንቴናውን ነቅሎ ወደ ሌላው መሰኪያ ማዛወርም ይቻላል።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚቀረው ጽሑፍ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ከሆነ ማሽኑ አልሞተም። ዲስኩ ላይ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሲቋረጥ የፋይል ሥርዓቱ ይዛባል፤ ሊኑክስ ሲነሳ ራሱ ይጠግናል፣ ጉዳቱ ከበዛ ግን ሰው ካልፈቀደለት አይነካውም። ከጽሑፉ በላይ ባሉት መስመሮች በኤስ፣ ዲ፣ ኤ ተጀምሮ በቁጥር የሚያልቅ የዲስክ ክፍል ስም ያያሉ። ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ ብለው ይጻፉ፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ዋይ ሳይለያዩ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ስሙን ከፊቱ ካለው ዴቭ ጋር ስክሪኑ ላይ እንዳለ ይገልብጡ። ኢንተር። ሲጨርስ «ሪቡት» ብለው ይጻፉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው አልቋል። ዲስትሮ ስለ መምረጥ ከማሰብዎ በፊት ባትሪውን ይቀይሩ፣ ካልሆነ አዲሱም ሲስተም በወሩ እዚያው ጥቁር ስክሪን ላይ ነው። መብራት ሳይሄድም ያው ጽሑፍ ከመጣ ጥፋቱ የዲስኩ ሊሆን ይችላል። «ዲስክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው ስማርት ዳታ የሚለውን፣ ዲስኩ ስለ ጤናው የሚመዘግበውን፣ ይዩ፤ «ሪአሎኬትድ ሴክተር» እና «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» ትይዩ ያለው ቁጥር ዜሮ ካልሆነና ከሳምንት ሳምንት ከጨመረ፣ ፋይልዎን ዛሬውኑ ያውጡ። ሰዓቱም ወደ ድሮ ዘመን እየተመለሰ ካስቸገረ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ናት፤ ቀኑ ሲሳሳት ብራውዘሩ ድረ ገጾችን አላምንም ይላል፣ ዝማኔም ይከሽፋል። ኔትወርክ ጠፋ ተብሎ በከንቱ ብዙ የሚደከምበት ነው።

የአማርኛው ነገር አያሳስብዎ። የጽሑፍ ሥራውን አብሮ የሚመጣው ሊብሬኦፊስ ይሠራልዎታል። ከሶፍትዌር ማኔጀሩ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን የፊደል መጻፊያ ይጫኑ፣ «ኢንፑት ሜተድ» ውስጥ አይባስን ይምረጡ፣ ሎግ አውት ብለው ይመለሱ፣ በአይባስ ቅንብር ላይ አማርኛን ይጨምሩ። «ሴራ» በሚለው አጻጻፍ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲመቱ «ሰላም» ይወጣል። ሌላ ፕሮግራም ሲያወርዱ ሶፍትዌር ማኔጀሩ ሁለት ምርጫ ካሳየዎት ፍላትፓኩን (እንደ ስናፕ ያለውን ሌላ ማሸጊያ) ትተው የሲስተሙን ይውሰዱ፤ ፍላትፓክ ለአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ብዙ መቶ ሜጋ ዳታ ሊያስወርድ ይችላል። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች፣ ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ካሉዎት የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይታይዎታል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ፎንቱን ከዊንዶውሱ ኮምፒውተር አምጥተው ሁለቴ ክሊክ አድርገው ይጫኑት።